ማሟያ አፏን የዘጋች ሰሞን

ማሟያ የሚለውን ስም ያወጡላት የፀጉር ቤቷ ደንበኞች ናቸው። ሰው ጀምሮ ሳይጨርስ እሷ ትጨርስለታለች፤ ምን ታድርግ፣ ተፈጥሮዋ ነው! «ትናንት ባሌ ሲገባ...» ያለች ሴት፣ «ፊቱን አጥቁሮ!» የሚለውን የምትሰማው ከማሟያ አፍ ነው። ባልየው ፊቱን አጥቁሮ ሳይሆን ጫማ ገዝቶላት ገብቶ ቢሆን እንኳ፣ ጫማው የሚነሳው ማሟያ ያለ የሌለ ጥል ሞክራ ሲያልቅባት ነው። እጇ ግን ወርቅ ነው። ስለዚህ ሰው ወሬውን እየተነጠቀም ቢሆን ይመጣል።

የእህቷ ልጅ አዋላጅ ነርስነት ልትማር መጥታ እሷ ጋ ነው የምትኖረው። ታታሪ ልጅ ናት፤ ስታነብ ብታዩዋት ታሳዝናችኋለች። የቃል ፈተና ላይ መምህራኑ ፊት ስትቀርብ ግን ያጠናችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋና ወደቀች። አንድ ዕድል ተሰጣት። ሁለተኛም ከወደቀች ትሰናበታለች፤ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት፣ አለቀ።

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል?» አለች ማሟያ። ከዚያ ጀምሮ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ደብተሩን ተቀብላ ታስጠናት ጀመር።

«ሴትየዋ ወልዳ ደም በጣም ፈሰሳት። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«መጀመሪያ... እ...»

«ሰው ትጠሪያለሻ! ከዚያስ?»

«ከዚያ ማህፀኗን...»

«ታሽያለሽ! እስኪጠነክር! አየሽ፣ ታውቂዋለሽ እኮ!»

ልጅቷ አንገቷን ትነቀንቃለች። ማሟያ ትምህርቱን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች፤ ልጅቷ ግን ዛሬ የተባለችውን ነገ አታገኘውም። ውሃ በወንፊት! ማሟያ ለማንም አልተነፈሰችም እንጂ፣ «ይቺ ልጅ ጭንቅላቷ አይቀበልም እንዴ?» የሚል ሐሳብ ሆዷ ውስጥ ገብቶ እንቅልፍ ነስቷታል። ለእህቷ ደግሞ፣ «ሐሳብ አይግባሽ፣ ታልፋለች» ብላታለች።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ፀጉሯን በቢጎዲን መጠቅለያ ተጠቅልላ፣ ጭንቅላቷን ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ከትታ ስትሰማቸው ቆየችና፣ «አንቺ፣ ለምን ራስሽ ሄደሽ አትፈተኚላትም?» አለች።

«ቢፈቅዱልኝማ!» አለች ማሟያ። ቀልዱ አልገባትም።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ማሟያ የመንጋጋ ጥርስ ሕመም ተነሳባት። ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊሸፍን ሲደርስ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄደች። ሐኪሙ ጥርሱን ነቀለና በምትኩ ጥቅል ጥጥ ጠቀጠቀላት። «ይህን ነክሰው ይያዙ። ዛሬ ወሬ የሚባል ነገር የለም፤ ካወሩ ይደማል» አላት። ወይ ፍርድ! ለማሟያ ከዚህ ይልቅ እጇን ቢያስሯት ይሻላት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ስትሰማ ከሱቋ እየሮጠች መጣች። «እሰይ! በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም!» አለችና ስለ አማቷ ጀምራ ያልጨረሰችውን ወሬ ከሥሩ አንስታ ተረከችላት። ማሟያ ዓይኗን ከማፍጠጥ በቀር ያደረገችው የለም።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ መጣች። ማሟያ ደብተሩን ገልጣ በማበጠሪያዋ ጭራ ጥያቄውን አሳየቻት። ያው የደሙ ጥያቄ ነው።

«መጀመሪያ... እ...» አለች ልጅቷ፣ እንደ ልማዷ የአክስቷን አፍ እያየች። አፉ ተዘግቷል። ማሟያ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ጥጡ ሥር ተንቀዠቀዠባት። «እም!» ከማለት በቀር ምንም አልወጣትም።

«አላውቀውም!» አለች ልጅቷ ደብተሩን ገፍታ። «ደደብ ነኝ፣ በቃ! አልሆንም!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

በደህና ቀን ቢሆን ማሟያ ጉድ የሚያህል ምክር ታወርድላት ነበር። አሁን ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና የልጅቷ ጉልበት ላይ እጇን አሳረፈች። ጠበቀች። እሷ መጠበቅ የሚባል ነገር ከመቼ ወዲህ ታውቃለች! ቢሆንም ጠበቀች።

«ሰው እጠራለሁ» አለች ልጅቷ ድንገት፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ቆይ... ማህፀኗን በእጄ እዳስሳለሁ። ከለሰለሰብኝ እስኪጠነክር አሸዋለሁ። ከዚያ... ቆይ፣ እንዳትነግሪኝ!»

ማሟያ ራሷን ነቀነቀች። ብትፈልግስ በየት በኩል ትናገር!

«ፊኛዋ! ሽንት ሞልቶት እንደሆነ አወጣላታለሁ!» ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። ስታለቅስ የነበረችው አሁን ትስቃለች።

ማሟያም በጥጡ ሥር ሳቀች፤ ደስታዋ ግን አላማረላትም። ለካ እስከ ዛሬ ስታስጠና የከረመችው ራሷን ነው! ልጅቷ ልትደርስበት አንድ እርምጃ ሲቀራት እየቀደመች፣ ከአፏ ላይ እየነጠቀች፣ ለልጅቷ አንገት መነቅነቅ ብቻ ትታላታለች። ፊቷ ጋለ፤ የጥርሷ ሕመም እንኳ ተረሳት።

በማግስቱ ቁስሉ ደርቆ ማውራት ትችል ነበር። ማሟያ ግን የጥናቱ ሰዓት ሲደርስ የጥፍር ቀለም ከምታስለቅቅበት ጥጥ ቦጨቅ አደረገችና ጉንጯ ውስጥ ወተፈች። ራሷን ታውቃለቻ! ጥያቄውን ታሳያለች፤ ትጠብቃለች። ልጅቷ ፈጽሞ ካጣችው መልሱን ከደብተሩ ታስነብባታለች። ትንሽ ቆይታ፣ ልጅቷ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር ጠርጋ ስትመለስ፣ ያንኑ የሳተችውን ጥያቄ ድጋሚ ታሳያታለች። በማግስቱም የሚጀምሩት ከእሱ ነው።

«ያ ጥርስ አልዳነም እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን።

«እስከ ፈተናው አይድንም» አለች ልጅቷ፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

የፈተናው ቀን ማሟያ አብራት ሄዳ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር። ከውስጥ የአንዲት መምህርት ድምፅ ተሰማ። «ሕፃኑ ተወለደ፤ አላለቀሰም፣ አይተነፍስም። ምን ታደርጊያለሽ?»

ዝም።

ማሟያ ጆሮዋን ቀሰረች። መልሱን ታውቀዋለች! ሳታስበው ብድግ ብላ በሩ ጋ ደርሳለች። ጥጡ ደግሞ ቤት ቀርቷል። የሻርፗን ጫፍ ጎትታ በጥርሷ ነከሰች። «ልጄ፣ በሞትኩት!» አለች በሆዷ።

«በደረቅ ጨርቅ እያሸሁ አደርቀዋለሁ» አለ የልጅቷ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። «ሙቀቱን እጠብቅለታለሁ። ያም ሆኖ ካልተነፈሰ፣ ጭንቅላቱን አስተካክዬ አየር መስጠት እጀምራለሁ።» ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ሌላ ዝምታ፤ ሌላ መልስ። ማሟያ ሻርፑን እንደነከሰች ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

ልጅቷ ስትወጣ ፊቷ እንባ በእንባ ሆኗል። «አክስቴ፣ ውጤቱን እዚያው ነገሩኝ። ከሰኞ ጀምሮ...»

ከሰኞ ጀምሮ ምን? እንዳትመጪ? ማሟያ አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ገጠመችው።

«...ከሰኞ ጀምሮ ማዋለጃ ክፍል ለልምምድ ግቢ አሉኝ።»

ማሟያ ጥምጥም ብላ አቀፈቻት። «እኔማ...» አለች። «እኔማ እኮ...»

ልጅቷ እጇን ይዛ፣ ምንም ሳትጨምርላት ጠበቀቻት።

«እኔማ ጭንቅላትሽ አይቀበልም ብዬ ነበር» አለች ማሟያ በመጨረሻ።

«እኔም» አለች ልጅቷ።