የዘጠነኛው ቀፎ ጥዝታ

ሸርመት ሰባቱን ደረጃ ወርዶ የጉድጓድ ቤቱን በር ከኋላው እንደዘጋ፣ ግራ ጭኑ ላይ ስልኩ ነዘረው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ኪሱ ባዶ ነው። ስልኩን ላይ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ቻርጅ ላይ ሰክቶት መውረዱ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ጭኑ እንደገና ነዘረ።

«አዑዙ ቢላህ» አለና የጎማ ቱቦውን ከምስማሩ ላይ አወረደ።

አርባ ቀፎ በአራት ረድፍ ጨለማው ውስጥ ተደርድሯል። በዚህ ተራራ ላይ በረዶ ሊጥል ሲል ንቦቹን ተሸክመህ ታስገባለህ፤ በረዶው ሲቀልጥ ተሸክመህ ታወጣለህ። በመካከሉ ቀፎ ዝም ብሎ አይከፈትም፤ ብርድ ይፈጃቸዋል። የሚታወቁት በጆሮ ብቻ ነው። ሟቹ አባቱ የቱቦውን አንድ ጫፍ ቀፎው አፍ ላይ፣ ሌላውን ልጁ ጆሮ ላይ አድርጎ፣ ቀፎውን በጣቱ ቆርቆር እያደረገ ነበር ያስተማረው። ለስለስ ብሎ ቶሎ የሚበርድ ጥዝታ ከሆነ ደህና ናቸው። አውራዋ የሞተችበት ቀፎ እንደ ሐዘንተኛ ረዥም ያቃስታል። የተራበ ቀፎ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ያንን ሰምተህ በሦስት ቀን ውስጥ ካልመገብከው ሬሳ ትጠርጋለህ። ረሃቡ የሚገባው ደግሞ በዚህ ሰሞን ነው፣ በረዶው ሊቀልጥ ወር ሲቀረው።

ባትሪውን በቀይ ጨርቅ ሸፍኖ ጀመረ። አንደኛው፣ ጥዝ። ደህና ነው፤ ክዳኑ ላይ በጠመኔ አንድ ሰረዝ። ሁለተኛው፣ ጥዝ። ሰረዝ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። እንዲህ ያለ መልካም ዓመት አይቶ አያውቅም። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ጠመኔውን አስቀምጦ እንደገና አዳመጠ። ቀፎዎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ነው የሚያዜሙት። ከፍ የለ፣ ዝቅ የለ። አሥራ ሁለት ጉሮሮ እንዴት አንድ ድምፅ ያወጣል?

በሩ ተከፈተና ሚስቱ ሱይዱም ወረደች።

«የልጄ አባት፣ ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ!» ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባሏ ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ነውር ነው። «ደግሞ ዛሬ ጣውንቴን፣ ስልክህን፣ ላይ ቤት ብቻዋን ጥለሃት ወረድክ? አዝናብሃለች፣ አንድ ጊዜ ጮኸች።»

«ተይኝ ባክሽ፣ እየሰማሁ ነው።»

ልትመለስ ስትል ዓይኗ ክዳኑ ላይ አረፈ። «ዘጠነኛው ላይ ማን አሰመረ?»

«እኔ። ደህና ናቸው።»

«እነማን?»

«ንቦቹ ናቸዋ!»

«ትርፉን የማር እንጀራ አይጥ እንዳይበላው ብለህ እዚያ ውስጥ የከተትከው አንተ አይደለህ?» ቀፎውን በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው፤ እንደ ባዶ ቅርጫት ተነሣላት። ክዳኑን ገለጠችው። የደረቀ ሰፈፍና አቧራ ብቻ።

ሸርመት ተንበረከከ። ቱቦውን ባዶው ቀፎ ላይ ደቅኖ ቆረቆረ። ጥዝ። ለስለስ ያለ፣ የሚያምር።

«ምን ይላል?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ደህና ናቸው ይላል።»

ቱቦውን ከጆሮው ነቀለ። ጥዝታው አልቆመም።

ስልኩን ሩሲያ ያለችው ልጃቸው ናዝጉል ከላከችው ሰባት ወሩ ነው። መጀመሪያ ዓርብ ዓርብ ፊቷን የሚያዩበት ብቻ ነበር። ቀጥሎ የየአገሩን ንብ አርቢ ማየት መጣ፤ ከዚያ ያየውን ራሱ የማያስታውሰው ነገር። ላሟን ሲያጠጣ ኤርፎኑ ጆሮው ውስጥ ነው፤ አልጋ ላይ እስኪነጋ ጆሮው ውስጥ ነው። አንገቱ ጎበጠ። የሱብሒን ሶላት ሲሰግድ ስንተኛው ስግደት ላይ እንደደረሰ ይጠፋበት ጀመር፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

በዚያው ቀን ባልና ሚስቱ፣ መንደሩ ሁሉ ኤጄ፣ ታላቅ እህት፣ ወደሚላቸው ጡረተኛ ጤና ረዳት ወደ ኑርጃማል ሄዱ። ጆሮውን በመብራት አዩለት።

«በቀን ስንት ሰዓት ትሰካዋለህ?»

«እስኪያልቅ፣ ኤጄ።»

«ምኑ?»

«ባትሪው።»

«ባትሪውስ ይሞላል። ጆሮህን በምን እንሙላው?» መብራታቸውን አጠፉ። «ጭንህን የሚነዝርህ ጂን አይደለም። ሰውነትህ መጠበቅ ለምዶ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ አይቻለሁ። ስልኩ ከምትተኛበት ክፍል ይውጣ። ጆሮህ ውስጥ ምንም እንዳትከት። የጆሮህን ነገር ግን ቃል አልገባልህም፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል።»

«በስንት ቀን?»

«እኔ እንጃ፣ ወንድሜ። ከተመለሰም በወር።»

ወር! ንቦቹ ያላቸው ሦስት ቀን ነው።

ሲመለሱ ቱቦውን ለሱይዱም ዘረጋላት። እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። «የአማቴን ቱቦ? እኔ?»

«አንቺ። የሰማሽውን ብቻ ንገሪኝ፤ ፍቺው የእኔ ነው።»

ተንበርክካ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። አንደኛውን «ድስት ከእሳት ሲወርድ ነው» አለች። ደህና። አራተኛው ላይ ብዙ ቆየች። «ይሄ... ገለባ ላይ ሰው የሚራመድ ይመስላል።» ሸርመት የገዛ እጁን ሰረዝ በእጅጌው አጠፋ። አሥራ ሁለተኛውም ገለባ ሆነ። ሃያ ሦስተኛውና ሠላሳ አንደኛውም። ከመግሪብ ሶላት በፊት በማር የተለወሰ የስኳር ጥፍጥፍ እያንዳንዳቸው አናት ላይ አኖሩላቸው።

ያን ዕለት ስልኩ ሳጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ገባ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይወጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ሁለቱም ቀና ብለው ናዝጉልን ያያሉ፤ ይመለሳል።

ሸርመት በየቀኑ እየወረደ ዘጠነኛው ቀፎ ፊት ይንበረከካል። ቆርቆር ያደርጋል። ጥዝ ይለዋል፣ ባዶው። ዚክሩን እያለ፣ የአላህን ስም እየደጋገመ ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን በቱቦው ውስጥ አንድ ነገር ከወዲያ በኩል እርሱን የሚያዳምጠው ይመስለውና የቱቦውን አፍ በመዳፉ ይከድነዋል።

ከጣራው በረዶ መንጠባጠብ በጀመረ ሰሞን፣ ጥዝታው ቀጠነ። ኮረብታ አልፎ እንደሚሄድ መንገደኛ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ሸርመት ቱቦውን ከጆሮው ነቀለ። ከግድግዳው ወዲያ ጠብ... ጠብ... የሚል ውኃ ሰማ።

«ባዶ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «አልሐምዱሊላህ፣ ባዶ ነው።»

ያን ጊዜ ጭኑ ነዘረ። እጁ እስከ ኪሱ አፍ ሄዶ ቆመ። ሸርመት ቱቦውን ይዞ ወደ አሥረኛው ቀፎ ዞረ።