ማሳጠር የማያውቀው አሳጣሪ

ተናኜ የአንድ ለአምስቱ ቡድን መሪ ነበረች፤ መሪ ከሆነች ደግሞ መሪ ናት፣ ቀልድ የለም። እዚያ ቡሬ ዘጠነኛ ክፍልን የሚያስተምሩት መምህር ባምላኩ በዚያ ዓመት አዲስ ነገር አመጡ። ለየቡድኑ አንድ ልብ ወለድ ይሰጣል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ከባድ ቃል ይፈታል፣ አንዷ ትሥላለች፣ አንዱ ታሪኩን ያሳጥራል። ተናኜ መጽሐፉን ትይዛለች፤ ማን ሠራ ማን ለገመ ብላ ከአሥር ትሞላለች።

አሳጣሪነቱ የደረሰው ለይርሳው ነው። ጉዱም ከዚህ ይጀምራል። ይርሳው ከቆሎ ትምህርት ቤት ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። የኔታ ዘንድ አንዲት ቃል የዘለለ ኩርኩም ይቀምሳል እንጂ «ባጭሩ በል» የሚሉት ነገር የለም። እናም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወዲህ ወዲያ እየተወዛወዘ፣ ምዕራፉን ከአናቱ እስከ ግርጌው ያነበንበዋል።

«አሳጥር እንጂ አንተ! ዳዊት ነው እንዴ?» ትለዋለች።

«የሰው ቃል እንዴት ቆርጬ ልጣል?» ይላል ከልቡ አዝኖ።

እሷም «ይርሳው፦ ከአሥር ሁለት» ብላ ትጽፋለች። ሁለቱም ለልፋቱ ነው።

ሐሙስ ሱፐርቫይዘር ይመጣል ተባለ፤ የተናኜ ቡድን ለሞዴልነት ተመረጠ። ማክሰኞ ታዲያ ደጅ የተሰጣ በርበሬ እየጠበቀች ስታነብ ዝናብ ደረሰባት። በጥድፊያ በርበሬውን አፍሳ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተች፤ መጽሐፉም ሳታየው አብሮ ገባ። አባቷ ረቡዕ ማለዳ ማዳበሪያውን ለነጋዴ ሸጡት፣ መጽሐፉ ትዝ ሲላት አይሱዙው ወደ አዲስ አበባ ነጉዷል።

ወይ ተናኜ! ስንቱን «ንብረት አያያዝህ ደካማ ነው» ስትል የከረመች ልጅ፣ አሁን በሰው ፊት ቆማ ግለ ሂስ ልታወርድ? መሪነቱም ሊሄድ! እያላባት ይርሳው ዘንድ ሄደችና ሁሉን ነገረችው።

«የኔ ወንድም፣ ነገ እንዳታሳጥር። ደወል እስኪደወል በለው። መጽሐፉን የሚጠይቅ አይኑር።»

ይርሳው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ሐሙስ ዓይኑን ጨፍኖ ከሽፋኑ ጀመረ። «የትምህርት ቤቱ ንብረት፤ በጥንቃቄ ይያዝ» የሚለውን ማኅተም እንኳ አልዘለለም። ተናኜ አንገቷን ደፋች። ሱፐርቫይዘሩ መጀመሪያ ተደነቁ፤ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ሰዓታቸውን አዩ፤ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ አዛጉ።

«ይበቃል ልጄ! እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው! እስቲ መጽሐፉን አምጡትና እናመሳክር።»

የፈሩት ይደርሳል። ተናኜ ደብተሯን ማገላበጥ ያዘች። ይርሳው ግን ሊረዳት ብሎ፣ በዝርዝር ጀመረ።

«ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተናኜ ደጃቸው ተቀምጣ ሳለ፣ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆር ብሎ...»

«ኧረ ባጭሩ!» ብለው ጮኹ ሱፐርቫይዘሩ።

ይርሳው ደነገጠ። ዓይኑን ጨፈነ፣ አንዴ ተወዛወዘ።

«ተናኜ መጽሐፉን ከበርበሬ ጋር ሸጠችው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ባምላኩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ተናኜ ቆመች፣ ግለ ሂሷን አወረደች፣ መሪነቱንም እዚያው አስረከበች። ከመቀመጧ በፊት የቀረቻት አንዲት ሥራ የዕለቱን ደብተር መሙላት ነበር። በይርሳው ስም ትይዩ ዜሮ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ጨበጠች። ልቧ ተንገበገበ፣ ግን መሪ መሪ ነው።

«ይርሳው፦ ከአሥር አሥር። ማሳጠር ችሏል» ብላ ጻፈች።