ስድስት ስልቻ

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቅቤው ነው። ተዝካሩ ላይ እንኳ ተቀምጠው «ቅቤ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ» ይሉ ነበር። እኔም አብሬ እላለሁ፤ ምን ከፋኝ፣ ጥፋቱ ከእኔ ይርቅልኛል።

ነገሩ የመጣው በመሬት ነው። ጣሊያን የገባ ጊዜ አባቴ ዱር ገባ፤ ሲመለስ ገብስ የምታበቅለውን መሬታችንን የአጎቴ ልጅ ቢያዝን እያረሰ ቆየው። አባቴ ሲሞት ክሱ ለእኔ ተረፈ። ጎንደር ፍርድ ቤት ስድስት ዓመት ተመላለስኩ። በእጄ የቀረችው መሬት ድንጋይ ናት፤ ሦስት ልጆቼን ከትንሣኤ በላይ አታደርስም። ያቺ የገብስ መሬት ከአያታችን ለማን እንደወረደች በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ቀርቷል፤ አያ የሻው። ሰማንያ አልፏቸዋል። ሁለት ጊዜ ያለ ምስክር ስለቀረብኩ ዳኛው ተቆጥተው፣ «ለሐምሌ ሦስት ምስክርህን ይዘህ ካልመጣህ መዝገቡን እዘጋዋለሁ» አሉኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ባሰ፤ ማገጭ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጎንደር ያለችው ማዶ ነው። ጣሊያን የሠራው ድልድይ ሩቅ ነው፤ እሱ ዘንድ ለመድረስ ደግሞ ሌላ ሁለት የሞላ ወንዝ አለ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በቃሬዛ ተሸክሜ በዚያ ጭቃ የት እደርሳለሁ? ስለዚህ ታንኳ ልሥራ አልኩ።

ታንኳ ሠርቼ አላውቅም። በልጅነቴ ግን ዓባይን በተነፋ ስልቻ የሚሻገሩ ነጋዴዎች አይቻለሁ። ከበረቱ ስምንት ማገር ነቀልኩና በጠፍር ጠፍሬ እንደ አልጋ አደረግኩት። ባለቤቴ ብርነሽ ስድስት የእህል ስልቻ ከግድግዳ አወረደች። እህላቸው ካለቀ ቆይቷል፤ ተንጠልጥለው ደርቀዋል። ደረቅ ስልቻ በቅቤ ታሽቶ ካልለሰለሰ በስፌቱ አየር ያወጣል፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ብርነሽ የቅቤውን ቅል ይዛ ወጣች።

አያ የሻው ደጅ ተቀምጠው ያዩናል።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«ቅቤ ነው አያ የሻው፤ ለስልቻው» አልኳቸው።

«ጾም ነው።»

«ይኼ እኮ የሰኔ ጾም ነው፤ የቄስ ጾም። ደግሞ ልንበላው አይደለም።»

«እኔ እጾመዋለሁ፣ አንተ ማሩ። ገላዬን ቅቤ ነክቶት መስቀል ይዤ አልምልም። እንዲያ ከሆነ ሌላ ምስክር ፈልግ።»

ጾሙ ሊፈታ የቀረው አራት ቀን ነው! ንድድ አልኩ፤ ቅሉን ከድንጋይ ላላትመው ምንም አልቀረኝም። ብርነሽ ጓዳ ጠርታ «ሳያዩን እንቀባው» አለችኝ። «ይሸታቸዋል» አልኳት። ተቀይመው እንዳይቀሩብኝ ፈራሁ። እሳቸው ከቀሩ መሬቱም ቀረ።

ኑግ ወቀጠች፤ የወጣው ዘይት ለሦስቱ በቃ። የቀሩትን ሦስት በውኃ ነከርናቸው፤ ሌላ ምን እናድርግ። ጉንጬ እስኪዝል ነፋኋቸው፣ አፋቸውን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ፣ ከማገሩ ሥር ሦስቱን በዚህ ሦስቱን በዚያ ጠፈርኳቸው። ዘይት የጠጡትን በአያ የሻው በኩል አደረግኩ። ይህን ማንም አያነሣልኝም። ከላይ የበሬ ቆዳ ጀንዲ አነጠፍኩበት። ዳር ዳሩን እኔና ብርነሽ ወጥተን ሞከርነው፤ ሸጋ አድርጎ ያዘን።

ሐምሌ ሁለት ጠዋት ገባን። ብርነሽ ዳር ቆማ ታማትባለች። አያ የሻው ጋቢያቸውን ተከናንበው ጀንዲው ላይ ተቀመጡ፤ እኔ በረጅም ዘንግ እገፋለሁ። እስከ መሐል ደህና ሄድን። እንዲያውም ለዳኛው የሚሉትን ይለማመዱ ጀመር፤ ማን ማንን እንደወለደ፣ መሬቱን ማን ለማን እንደሰጠ። ከዚያ እግሬን ውኃ ነካኝ። በእኔ በኩል ያለው አንዱ ስልቻ ተንፍሷል፤ ሁለተኛው ወዲያው ተከተለው። ታንኳው ወደ እኔ አዘነበለ፣ አያ የሻው ተንሸራተው ላዬ ላይ ወደቁ፣ ሁለታችንም ውኃ ውስጥ ገባን።

ማገሩ ተበታተነ። በግራ እጄ አንድ ስልቻ ያዝኩ፣ በቀኜ የአያ የሻውን ክንድ። ጋቢው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ስልቻው ሁለት ሰው አይችልም፤ ሰመጥን፣ ወጣን፣ ደግሞ ሰመጥን። ለሁለተኛ ጊዜ ስንወጣ አዩኝ። አልጮኹም። «ማሩ» ብቻ አሉኝ።

ውኃው ነጠቀኝ ነው የምለው። ውኃው አልነጠቀኝም፤ ክንዳቸውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ልጆቼን አስቤ ነው ብል ውሸት ነው፤ ምንም አላሰብኩም፤ መተንፈስ ነው የፈለግኩት። ክንዳቸው ቀጭን ነበር፤ ለመያዝ የሚያስቸግር አልነበረም።

ማዶ ወጣሁ። በዳር በዳር ታች ድረስ ሮጬ ፈለግኳቸው፤ ጋቢያቸው እንኳ አልታየኝም። ከዚያ ተመልሼ መርዶ ማስነገር ሲገባኝ ወደ ጎንደር ሄድኩ። ቀጠሮው ነገ ነዋ። በእርጥብ ልብሴ ቀኑን ሙሉ ተጓዝኩ፤ ደጀ ሰላም አድሬ ጠዋት ችሎት ቀረብኩ።

«ምስክርህስ?» አሉ ዳኛው።

«ማገጭ ወሰዳቸው፣ ጌታዬ። ትናንት፣ ለምስክርነት ስንመጣ።»

ቢያዝን ከጎኔ ቆሟል። አያ የሻው የክርስትና አባቱ ናቸው፤ በእሱ ላይ ሊመሰክሩ ነበር የሚመጡት። እዚያው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ። ቆይቶ ተነሣና ለዳኛው እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ አያ የሻው በዚያ ዕድሜያቸው የሞላ ወንዝ የገቡት ለሐሰት አይደለም። ሊሉ የነበረውን እንደሰማሁት ይቆጠርልኝ። መሬቱን ለቅቄያለሁ፤ ይጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ፤ አውራ ጣታችንን ቀለም እየነከርን ፈረምን። ስድስት ዓመት የለመንኩት ነገር በአንድ ጠዋት አለቀ። እግዜር ያውቃል፣ ደስ አላለኝም።

ደጅ ስንወጣ ቢያዝን ተከትሎኝ መጣ። ከተካሰስን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ተባብለን አናውቅም ነበር።

«ማሩ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለኝ። «እስከ መጨረሻው ይዘሃቸው ነበር?»

«ይዣቸው ነበር» አልኩት።