አንድ ናቸው

እኛ ቤት ከሰው ሁሉ በላይ የሚከበሩት ጋሽዬ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሲያስነጥሱ አክስቴ "ይማርዎት" ለማለት ከጓዳ ሮጣ ትመጣለች። እኔን ደግሞ ቤት ውስጥ "ምላሴ" ነው የሚሉኝ፤ ምላሷ ረጅም ነው ለማለት። ረጅም ቢሆንማ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የጀመርኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር እስካሁን በጨረስኩት ነበር።

ያኔ እናቴ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ቆሜ "እማዬ፣ ጋሽዬ በሩን ዘጋና..." ስል ጆሮዬን ያዘችኝ።

"ዘጋ? ጓደኛሽ ነው? ዘጉ በይ!"

"ዘጉና..."

"እንዲህ ነው የጨዋ ልጅ!" አለችና ልብሱን ታቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። ዓረፍተ ነገሩ እኔ ጋ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አመሌ ተበላሸ አሉ። መብራት ካልበራ አልተኛም። ሰው ከኋላዬ ከመጣ እጄ ላይ ያለው ይሰበራል። መምህሩ የክፍሉን በር ሲዘጋ ትንፋሽ ያጥረኝ ስለነበር አንድ ቀን በሩ ገርበብ ሲል ወጣሁ፣ ከትምህርቱም በዚያው ቀረሁ። አክስቴ መረመረችኝ። መጀመሪያ ደም ማነስ ነው አለች፣ ቀጥሎ የሆድ ትል፣ በመጨረሻ ጥጋብ። ለደም ማነሱ ቀይ ስር አበላችኝ፣ ለትሉ ኪኒን፣ ለጥጋቡ ቀበቶ። አንዳቸውም አልሠሩም፤ ቀይ ስር ግን እስከ ዛሬ አልወድም።

አሁን ፀጉር ቤት የሰው ፀጉር አጥባለሁ። አንድ ቀን መብራት ሊጠግን የመጣ ሰውዬ ከኋላዬ "እስቲ አንዴ እህቴ" ብሎ ትከሻዬን ነካ ሲያደርገኝ የውሃውን ቱቦ ፊቱ ላይ ለቅቄበት ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ ማዳም የምንላት፣ ጎንበስ ብላ አየችኝ። "ይሄ ጥጋብ አይደለም" አለችኝ። እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

እዚያ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። "በሩ ይዘጋ ወይስ ይከፈት?" ብላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ይከፈት አልኳት። ስንት ቀን ስለ ሻምፑ ብቻ አወራን። አንድ ቀን ግን ሳላስበው አመለጠኝ።

"ትንሽ ሳለሁ መጡ። በሩን ዘጉ። ነኩኝ።"

ሴትዮዋ ደነገጠች። "ስንት ናቸው?"

"ምኖቹ?"

"የመጡት ሰዎች።"

"አንድ ናቸው።"

"አንድ... ናቸው?"

"ጋሽዬ ናቸዋ! ትልቅ ሰው ናቸው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔ ሳቄ መጣ። አንድ ሰውዬ ብቻቸውን መጥተው እኔ በአክብሮት ብዛት መንጋ አደረግኳቸው! ሳቁ ግን መሀል ላይ ተገለበጠና ልቅሶ ሆነ፤ ማቆሚያውም ጠፋኝ።

"እዚህ ክፍል ውስጥ አንቱታ ግዴታ አይደለም" አለችኝ ሲወጣልኝ። "ጥፋቱ የእሱ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ገላሽ የሚደነግጠውም አብደሽ አይደለም፤ ያኔ የፈራውን እስካሁን ስላልረሳ ነው። ይታከማል።"

"በኪኒን?"

"ያንቺ በወሬ ነው።"

ወሬ ከሆነማ እኔ ጋ ሞልቷል አልኩ በሆዴ። ግን "እስቲ እሱ በይው" ስትለኝ ወፍ የለም! አፌ ድንጋይ የጎረሰ መሰለ። ስለዚህ ፀጉር ቤት ካስኩ ላይ፣ ያ ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ ላይ፣ መለማመድ ጀመርኩ። "አንተ!" እለዋለሁ። እሱ ይጮሃል፣ እኔ እጮህበታለሁ። አንዲት ደንበኛ ከሥሩ ሆና "ማንን ነው የምትሰድቢው?" አለችኝ። "ካስኩን።" "ደግ አደረግሽ፣ እኔንም ጆሮዬን አቃጠለኝ" አለች።

በዚህ መሀል ጋሽዬ ዓይናቸውን ሊታከሙ እኛ ቤት ሊሰነብቱ ነው ተባለ። እኔና ጩጬ የምንተኛበት ክፍል ለእሳቸው ተሰጠ። ጩጬ ታናሽ እህቴ ናት፤ አሁን ሁለተኛ ክፍል እሷ ናት።

"የዓይን ጠብታውን ጩጬ ታደርግላቸዋለች፣ እጇ ቀላል ነው" አለች አክስቴ።

ሮጬ ለባለሙያዋ ነገርኳት። "ልጅ ያለችበት ቤት ማደር የለበትም" አለችኝ። "እናትሽን አምጪልኝ፤ ካልመጣች ነገ እኔው እመጣለሁ።" እናቴን ብለምናት "እንግዳ ሊገባ ቤት እየወለወልኩ የምን ምክር ነው?" አለችኝ። ጋሽዬም በዚያው ቀን ከእሷ ቀድመው ከች አሉ።

ምሳ እንደተበላ አፋቸውን ጠራርገው ተነሡ። "ነይ ጩጬ፣ ጠብታዬን አድርጊልኝ። በሩንም ዝጊው፣ ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል።"

ጩጬ ብልቃጧን ይዛ ተከተለቻቸው። አፌ፣ ካስኩ ይባረክ፣ ተከፈተ።

"አንተ! አትንካት!"

አክስቴ ደረቷን ደቃች። "ኧረ ጉዴ! አንተ አለቻቸው! ጋሽዬን አንተ!"

"እንዲህ ነው የምታሳድጓቸው?" አሉ ጋሽዬ።

እናቴ ክንዴን ጨመደደችኝ። "ይቅርታ ጠይቂ! በሥርዓት ተናገሪ!"

"እሺ፣ በሥርዓት። እሳቸው፣ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግተው ነኩኝ። ለሰው ብትናገሪ ወዮልሽ አሉኝ። ደጋግመውም መጡ። አሁን ያጎደልኩት አክብሮት አለ?"

የእናቴ እጅ ክንዴ ላይ ላላ። ጋሽዬን አየቻቸው። እሳቸው ብልቃጧን አዩ።

"የልጅ ወሬ ነው" አሉ።

እናቴ ጩጬን ወደ ራሷ ሳበቻትና ብልቃጧን ተቀብላ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተተችው። "ወንድም ጋሼ፣ ይውጡልኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ከቤቴ ይውጡልኝ! ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ! እግርዎ ይሰበር!"

እንዲህ ባለ አንቱታ የተባረረ ሰው አይቼ አላውቅም። አክስቴ "ኧረ ቢያንስ ፓፓያውን ይቅመሱ" ልትል ስትጀምር እናቴ ዞር ብላ ብታያት ዋጠችው።

ከሄዱ በኋላ፣ ማለቴ ከሄደ በኋላ፣ እናቴ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

"ነግረሽኝ ነበር እንዴ?"

"ጀምሬ ነበር።"

እንደመጮህ ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ላባብላት አልቻልኩም።

"ነገ ያቺ ሴትዮ ስትመጣ አብሬሽ እቀመጣለሁ" አለች። "ምን ልበላት፣ አንቺ ነው አንቱ?"

"አንቺ በያት። ብቻ መሐረብ ያዢ፣ ጥያቄ ታበዛለች። አንቺንም ትጠይቅሻለች።"

እናቴ አፍንጫዋን ጠረገች።

"ትጠይቀኝ" አለች።