አራሷ ከቤት ስትወጣ

«አምስቱም ጠባቂዎች በአንድ ጊዜ ስልክ የማያነሡበት ቀን፣» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፣ «እኛም የልጅ ልጆቻችንም የምናየው አይደለም።»

ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው! ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከየወረዳው የመጡ የውሃ ባለሙያዎች ፊት ቆሜ ጥናቴን እያስረዳሁ ነበር። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ድምፄ አልሰማ ብሎ፣ እየጮኽኩ ነው የማወራው። ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም ልቤ ሞቆ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ያምሮት እባላለሁ፤ ቡሬ ካምፓስ አስተምራለሁ። ጥናቴ ሦስት ስም አለው፤ እናቴ አንዱንም አትወደውም። አንደኛው አስተማማኝነት ነው። ማንኛውም ነገር አንድ ቀን ይበላሻልና፣ ሲበላሽ ከኋላው ማን ይቆማል የሚል ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ሴሉላር አውቶማታ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ በኮምፒውተር ላይ ብዙ ትንንሽ ሳጥኖች ትደረድራለህ፣ እያንዳንዱ ሳጥን ጎረቤቶቹን እያየ የሚሆነውን ይሆናል። ሦስተኛው መረጃ ማመቅ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋና ሲመጣ፣ ብዙውን ወሬ እንዴት አሳጥሬ ልላክ፣ ምኑንስ ልተው ማለት ነው። «ወሬ ማሳጠሩን ቤት ሆነሽ ብትለምጂው ደግ ነበር» ትለኛለች እናቴ።

ሦስቱንም ያዋልኩት በተወለድኩባት ሰፈር፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው በወይራ ምንጭ ላይ ነው። ከሰፈሩ በላይ የአፈር ግድብ አለ። ክረምት ውሃው ሲሞላ ሰው ሄዶ በእጁ የብረት በሩን መክፈት አለበት። ካልተከፈተ ውሃው በግድቡ ጫፍ ላይ ይፈስሳል፤ አፈር ደግሞ ውሃ ከፈሰሰበት አበቃለት። ስለዚህ የውሃ መለኪያ ተከልኩ። መለኪያው ለውጥ ሲኖር ብቻ አጭር መልእክት ይልካል፤ ውሃው ቀዩን መስመር ሲያልፍ ለጠባቂዎቹ በተራ ይደውላል። አንዱ ባያነሣ ሁለተኛው፣ እሱ ባያነሣ ሦስተኛው። «የምታምኗቸውን አምስት ሰዎች ምረጡ» ብዬ ለሰፈሩ ነገርኩ፤ መረጡ። የመጀመሪያው የእህቴ የሀብትነሽ ባል ስመኘው ነው።

እንግዲህ «የልጅ ልጆቻችንም የምናየው አይደለም» ብዬ ሳልጨርስ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረኝ። አየሁት። ቀዩን መስመር አልፏል። ደግሞ ነዘረ፤ የመጀመሪያው ጠባቂ አላነሣም። ሁለተኛው አላነሣም። ሦስተኛው። አንዱ ባለሙያ «ቀጥይ እንጂ» ይለኛል፤ እኔ አራተኛውን እያነበብኩ ነው። አምስተኛውም አላነሣም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» ብዬ ወጣሁና በረንዳ ላይ ቆሜ ራሴ ደወልኩ። ስመኘው ጋ ያቺ የቴሌ ሴትዮ «ጥሪ አይቀበልም» አለችኝ። ሁለተኛው ጠባቂ ሀይሉ ጋም፣ ሦስተኛው ወልደ ሥላሴ ጋም ያው። በስመ አብ! የአምስት ሰው ስልክ እንዴት ባንድ ላይ ይሞታል? ለእህቴ ደወልኩ። ሀብትነሽ አራስ ናት፤ ሴት ልጅ ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም። በዚህ ስብሰባ የተነሣ ሄጄ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንኳ አላልኳትም።

«ሀብትዬ፣ ስመኘው የት ነው?»

«ምነው አንች፣ ድምፅሽ? ማኅበር ነዋ። ዛሬ ገብርኤል አይደል?»

«ሀይሉስ? ወልደ ሥላሴስ?»

«ሁሉም እዚያው ናቸው። ድግሱ የሀይሉ ተራ ነው። አምስቱም ያንድ ጽዋ ሰዎች አይደሉ እንዴ? ምን ነካሽ?»

አይ አለመታደል! ለወይራ ምንጭ ሰው «የምታምነውን ምረጥ» ካልከው፣ ጽዋ አብሮት የሚጠጣውን እንጂ ማንን ይመርጥልሃል? ይህን እኔ ሳላውቀው ቀርቼ ነው? በዚያው ማኅበር ዳቦ አይደል ያደግኩት! የማኅበሩ አለቃ ሙሴው፣ ጸሎት ከመጀመሩ በፊት የሁሉንም ስልክ አስጠፍቶ ይሰበስባል፤ ያልሰጠ ይቀጣል። በሒሳቤ አምስቱን አምስት የተለያዩ ሰዎች አድርጌ የእያንዳንዳቸውን ያለማንሣት ዕድል አባዛሁ እንጂ፣ በወር አንድ ቀን አምስቱም አንድ ሰው ነበሩ። የሀይሉ ቤት ደግሞ ከኮረብታው ጀርባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። ግድቡ ወዴት፣ እነሱ ወዴት።

«ሀብትዬ ስሚኝ። ግድቡ ሞልቷል። ንግሥቴን ጥሪና ሮጣ ትንገራቸው፤ ሰውም ወደ ኮረብታው ይውጣ።»

ስትጣራ ይሰማኛል። ንግሥቴ ከታች ያለችው ጎረቤቷ ናት፤ ድምፅዋ በዝናቡ መሃል ደረሰኝ። «ያምሮት ናት ደግሞ? ያኔ ፍየሎቼን ኮረብታ ያስወጣችኝ? ተያት እባክሽ፣ በዚህ ዶፍ!»

እውነቷን ነው። ክረምቱ ሲገባ ጎርፍ ያመጣው ግንድ መለኪያዬን መትቶት፣ ሰፈሩን ሙሉ በከንቱ አስሩጫለሁ። ከብት፣ ሽማግሌ፣ የድስት ክዳን ሳይቀር ኮረብታ ወጥቶ፣ ውሃው ግን ከግድቡ ወገብ አላለፈም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሜ ሲነሣ ሰፈሩ ይስቃል። አሁን ብጮህ ማን ይሰማኛል?

ያን ጊዜ ሳጥኖቼ ዓይኔ ላይ መጡ። ወይራ ምንጭን በኮምፒውተር ሠርቻታለሁ፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሳጥን። ሰው ማስጠንቀቂያ ሰምቶ አይነሣም፤ ጎረቤቱ ሲነሣ አይቶ ነው የሚነሣ። ከዳር ያለ ቤት ቢነሣ የሚከተለው የለም። ሁሉም ደጅ የሚያየው አንድ ቤት ቢነሣ ግን ሰፈሩ በሙሉ ይነሣል። ያ ቤት የሀብትነሽ ነው፤ መሃል ላይ፣ ጉብታው ላይ ያለው። ደግሞ አራስ ናት። ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ታቅፋ፣ በቀን ብርሃን፣ በዝናብ አራስ ከቤት ስትወጣ ያየ ሰው ቡናው ቢፈላ፣ እንጀራው ቢያርር ትቶ ይወጣል።

ግን ጉብታው ላይ ውሃ አይደርስም። ሠርቼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ግድቡ ቢፈርስ እነ ንግሥቴ ይወሰዳሉ፤ የእህቴ ቤት ግን ደረቅ ነው። ሀብትነሽና ልጇ ከተቀመጡበት ባይነሡ ምንም አይነካቸውም።

ስልኩ መቆራረጥ ጀመረ። «ያም... አይሰማም...» ትላለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያልፍልኝ። ምኑን ልናገር፣ ምኑን ልተው? ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

«ሀብትዬ፣ ውሃው አንች ጋ ይደርሳል! ልጅሽን ይዘሽ አሁኑኑ ውጪ!»

ተቋረጠ።

ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሶቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ወደ ቡሬ የሚሄድ የለም፣ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል አሉኝ። አንዱን ሾፌር ለመንኩት፤ «እህቴ፣ ክንፍ የለኝም» አለኝ። ተቆጣሁ፣ ሰደብኩት፣ መልሼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከሱቅ በረንዳ ሥር ቆሜ ስልኬን አፈጥጬ አየሁት። ከመለኪያው ምንም የለም። ለውጥ ከሌለ አትላክ ብዬ የሠራሁት እኔው ነኝ፤ እንግዲህ ዝም ያለው ውሃው ባለበት ቆሞ ነው ወይስ መለኪያውንም በልቶት ነው? ለዚህ ዝምታ ነው የተመሰገንኩት! ያቺን ዕንቡጥ ልጅ በዶፍ አስወጣኋት፤ ግድቡ ቆሞ ቢውልስ? ባይቆምስ? ሁለቱንም ፈራሁ፣ የትኛውን እንደምመኝ ጠፋኝ። ገብርኤልን ለመንኩት፤ በበዓሉ ቀን እንዲህ ታደርገኛለህ ብዬም ተቆጣሁት።

ሲመሽ ስመኘው ደወለ። የሚያወራው እያለቀሰ ነው። ሀብትነሽ ነጠላዋን ከነራሷ ተከናንባ፣ ልጇን ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ አራስ እንደምትይዘው ቢላዋ በእጇ ይዛ ደጅ ስትወጣ፣ ንግሥቴ «ኧረ አራሷ! ኧረ አራሷ አበደች!» ብላ ጮኸች። ልትመልሳት ወጣች። ሌሎቹም ሊመልሷት ወጡ። ሀብትነሽ ግን መልስ ሳትሰጥ ወደ ኮረብታው አቀናች፤ እየተከተሉ፣ እየለመኑ፣ ሽማግሌዎቹን እየደገፉ ወጡ። ገና ኮረብታው ወገብ ላይ ሳሉ የግድቡ ጫፍ ተናደ። የታችኛው ሰፈር ሄደ፤ የንግሥቴ ቤት የነበረበት ቦታ አይታወቅም። ሰው ግን አንድ አልጠፋም።

«ተመስገን» ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ልጅቷ ግን ትቃትታለች» አለኝ። «ብርድ መቷታል።»

በነጋታው መንገዱ ሲከፈት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይዘዋት መጡ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። የእንጨት ማንኪያ የምታህል ፊቷ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተለጥፎ፣ ደረቷ ቶሎ ቶሎ ይላል። እኔ በቆምኩበት አብሬያት ስተነፍስ ዋልኩ። ወደ ማታ ሐኪሙ «ለጊዜው ደህና ነች፣ ግን ገና ነው» አለን። ስመኘው ውሃ ሊገዛ ወጣ። ሀብትነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልጇን እያየች፣ ቀና ሳትል ጠራችኝ።

«ያምሮት።»

«አቤት።»

«ስመኘው ዛሬ ጠዋት ቤት ደርሶ ነበር። አንድ ጠብታ አልገባበትም አለኝ። እንዲያ እንደሚሆን ታውቂ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ደከመኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አንች ጋ ይደርሳል ለምን አልሽኝ?»

«እንዳትቀሪ ብዬ ነው። አራስ ናት፣ ለጎረቤት ብላ ልጇን ለዝናብ አትሰጥም ብዬ።»

ደንግጬ ነበር፤ ትጮኽብኛለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። የልጇን እግር በመዳፏ እያሞቀች ቆየች።

«ንግሥቴ አይደለች እንዴ ያዋለደችኝ?» አለች በመጨረሻ። «ሌሊቱን ሙሉ ወገቤን ይዛ? ብትነግሪኝ እኮ እወጣ ነበር።»

የሕፃኗን ራስ ልዳብስ እጄን ስዘረጋ፣ ሀብትነሽ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ልጇን ሸፈነቻት።