«እሺ በል» እና አረንጓዴው ጠርዝ

ቱ ቲየንሉ አዲሱን ስክሪን ከካርቶኑ ያወጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው። ሉካንግ ከተማ ውስጥ፣ ከባሕር እናት ቤተ መቅደስ ጀርባ ባለችው ፎቶ ቤቱ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሠራ፣ አዲስ ዕቃ ሳይታጠብ ነክቶ አያውቅም። ገመዱን ሰካ፤ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ጠበቀ፤ ከዚያ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ነጭ አደረገውና ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ተቀመጠ። ስክሪን የሚፈተነው እንዲህ ነው። ነጭ ሲባል መሐሉም ጠርዙም እኩል ካልነጣ፣ ነገ የሰው ፊት ሲመጣበት አንዱ ጉንጭ የጤነኛ፣ ሌላው የበሽተኛ ይሆናል።

መሐሉ ነጭ ነው። ቀኙም ነጭ ነው። የግራው ጠርዝ ግን አረንጓዴ ነካ አድርጎታል። ብዙ አይደለም፤ ጎመን የታጠበበት ውሃ ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አያየውም ነበር። ቲየንሉ ግን አየው፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አየው። አሁንም አለ።

ከስክሪኑ በግራ በኩል፣ እንደ በር ዘበኛ ወደ ፊት ወጣ ብላ፣ አንዲት የበቆሎ ቺፕስ ከረጢት ቆማለች። የቺፕሱ ስም «እሺ በል» ማለት ነው፤ ልጅ ሲያስቸግር የሚባለው። በዚያ አገር ማሽን የሚነካ ሰው ሁሉ፣ ባንክ ቤትም ይሁን ሆስፒታል፣ ማሽኑ እሺ እንዲል ይህችን ከረጢት አጠገቡ ያቆማል። አረንጓዴዋን ብቻ ነው እንጂ ቢጫዋ ማሽን ታስለግማለች፣ ቀይዋም ታቃጥላለች ይባላል። ቀኗ ያለፈባት ከምትኖር ባትኖር ይሻላል። ከፍቶ መብላት ደግሞ አይነሣ። የቲየንሉ ከረጢት እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ማዕረጓ ማተሚያው ላይ ነበር፤ ስክሪኑ ሲገዛ ግን ለክብሩ ሲል አንሥቶ አጠገቡ አቆማት።

በዚያ ሰሞን እጁ ላይ የነበረው ሥራ የእማማ አታኦ ፎቶ ነው። እማማ አታኦ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ሲሞቱ ከአበባው መሐል የሚቆመውን ፎቶ ራሳቸው ሊመርጡ ቆርጠዋል፤ ለልጆቹ ከተተወ ሬሳ የመሰለ ነገር እንደሚያቆሙባቸው እርግጠኛ ናቸው። ልጆቹ እሑድ ለልደታቸው ይሰበሰባሉ፤ ፎቶው በዚያን ቀን መድረስ አለበት። ቲየንሉ ፊታቸውን ስክሪኑን እስኪሞላ አጉልቶ ሲያየው፣ በግራው ጠርዝ ያረፈው ጉንጭ አረንጓዴ መሰለው፤ ቀይ ጨመረበት። ደግሞ አየው፤ ደግሞ ጨመረ። አትሞ ላከላቸው። እማማ አታኦ ወረቀቱን በጎረቤት እጅ መለሱት፤ መልእክታቸውም አጭር ነበር፤ ማን በጥፊ እንደመታቸው ማወቅ ይፈልጋሉ።

ቲየንሉ ሳቀ። ከዚያ ግን አባቱ ትዝ አሉት። አባቱ ፎቶ በመስታወት ላይ በሚነሣበት ዘመን በብሩሽ ፊት የሚያሳምሩ፣ አውራጃው ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ። በስድሳ ዓመታቸው ዓይናቸው ከዳቸውና የአንዲት ሙሽራን ፊት ሰማያዊ ቀብተው ሰጡ። ከተማው «ከመቃብር የመጣችው ሙሽራ» ብሎ ሲስቅ ከረመ፤ አባቱም ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አልያዙም። ቲየንሉ አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ሚስቱ ሱዩንም ዓመት ስትቆጥር ነበር። ወንድሟ ጂንፋ ፎቶ ቤቱን በወተት ሻይ መሸጫ ሊቀይረው ከገና ጀምሮ ሜትር ይዞ ይመላለሳል፤ ግድግዳውን የሚለካው ቲየንሉ እያየ ነው። ሱዩን ወንድሟንም ባሏንም ላለማስቀየም መሐል መንገድ አገኘች። ጥፋቱ የስክሪኑ ከሆነ ሱቁ ይቆያል፤ ጥፋቱ የዓይኑ ከሆነ ቁልፉ ለጂንፋ ይሰጣል። ቲየንሉ በዚህ ተስማማ። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ግን ሳትነግረው ያዘች።

ስለዚህ ስክሪኑን መለሰው። ሐሙስ ጠዋት ከሻጩ ድርጅት አንዲት ሴት ደወለችለትና የተመለሰው ስክሪን በመመርመሪያ ማዕከላቸው መታየቱን ነገረችው። «ልክ ነዎት ጋሼ፣ እኛም አይተነዋል፤ በግራ በኩል አረንጓዴ አለበት» አለችው። ቲየንሉ ያንን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገማት፤ ሦስተኛውን ሱዩን እንድትሰማ ስልኩን ጮክ አድርጎ ነው። ወዲያው ቤተ መቅደስ ሄዶ ዕጣን አጨሰ።

ሁለተኛው ስክሪን በዚያው ቀን ደረሰ። ቲየንሉ በዚህኛው ቀልድ የለም ብሎ፣ ከገበያ ትልቁን፣ ለቤተሰብ የሚበቃውን አረንጓዴ ከረጢት ገዝቶ በግራ በኩል አቆመው፤ ትንሿን ወደ ቀኝ አዛወራት። ማሽኑ በሁለት በኩል ተጠበቀ። ግማሽ ሰዓት ቆየ፤ ነጭ አደረገው።

የግራው አረንጓዴ ሰፍቷል። ቀኙም አሁን አረንጓዴ አለበት።

ቲየንሉ የቤተሰቡን ከረጢት ትንሽ ወደ ስክሪኑ አስጠጋው። ባሰ።

በስልክ ሲናገር ሴትዮዋ እንደ መጀመሪያው አልተቀበለችውም። ሁለት ስክሪን በተከታታይ፣ ያውም ሁለተኛው በሁለት በኩል መበላሸቱ አልገባትም፤ ባለሙያ መለኪያ ይዞ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል ብላ ዘጋችው። ሱዩን የሐኪሙን ቀጠሮ ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ ቀን መቁጠሪያው ላይ በመርፌ ሰካችው።

ቅዳሜ የመጣው ባለሙያ ሩንግያን ይባላል፤ አርባ ያልሞላው፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ ጨዋ ሰው ነው። እማማ አታኦም ቀድመው መጥተው ጥግ ላይ ባለው ወንበር ተቀምጠው ነበር። የጨረቃው ወር አሥራ አምስተኛ ቀን ስለሆነ ሥጋ አይቀምሱም፤ ቁርሳቸውም ከተበላ ቆይቷል። ፎቶዬ እያየሁት ሳያልቅ ከዚህ አልነቃነቅም ብለዋል።

ሩንግያን ሥራውን ያውቃል። መጋረጃውን ዘጋ፤ አምፖሉን አጠፋ። ሰማያዊ ጃኬቱ ቀለም እንዳይጥል አውልቆ ውጭ ሰቀለው። የሱዩንን ቀይ የሻይ ፔርሙስ ወደ ጓዳ አስወሰደ፤ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ከነቀጠሮው ገልብጦ ሰቀለ። የእማማ አታኦን ወይን ጠጅ ሹራብ ሳይቀር አይቶ፣ እማማ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሉ ብሎ ለመናቸው። ወደ ሁለቱ ከረጢቶች ሲደርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አንዱን በሁለት እጁ አነሣ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀን በስልኩ መብራት አነበበ፤ እስከ መጋቢት ያገለግላል አለ። ያነሣበት ቦታ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለው የአቧራ ምልክት ልክ መለሰው። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ከዚያ ስክሪኑን ነጭ አድርጎ፣ እንደ ሲኒ ያለች መለኪያውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ መሐሉንም ማዕዘኖቹንም ዘጠኝ ቦታ ለካ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያነበበ ጻፋቸው። ዘጠኙም እኩል ናቸው።

ቲየንሉ ማተሚያው ላይ ያለውን የእማማ አታኦን ቀይ ጉንጭ አንሥቶ አሳየው። ሩንግያን ፎቶውን አየ፤ እንደ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይሄ የሚያሳየው እጅዎ ቀይ መጨመሩን ብቻ ነው። መለኪያው ዓይን የለውም፤ አያረጅም።»

«አንተስ? አንተ አታየውም?»

ሩንግያን ወደ ስክሪኑ አየ። ቆየ። አረንጓዴውን ያየው ይመስላል፤ ግን እጁ ላይ ዘጠኝ እኩል ቁጥሮች ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ የሚቀበለው ቁጥር ስለሆነ፣ እሱ የሚያየው ነገር ዋጋ እንደሌለው ተናገረ። ሱዩን ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሰማች። ደስ አላላትም፤ ቁልፉ ግን በእጇ ነበር።

ቲየንሉ ተቀመጠ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ወንበር ላይ ያያቸው ፊቶች ሁሉ፣ ሙሽሮቹ፣ የሞቱት፣ የመታወቂያ ፎቶ ሲነሡ ያልሳቁት፣ በአንዴ መጥተው ፊቱ የተሰለፉ መሰለው። ከእነዚህ ስንቱን በጥፊ መትቼ ይሆን ብሎ አሰበ። ክርክሩም ተነነ። ፈጣሪ የሰጠውን መልሶ ሲወስድ ደረሰኝ አይጠየቅም ብሎ ለራሱ ነገረው። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ሊያወጣ ነው።

«ልጆቼ፣ ይሄ ሥጋ አለበት?»

ሁሉም ዞሩ። እማማ አታኦ ከወንበራቸው ተነሥተው ጠረጴዛው ዘንድ ደርሰዋል። የቤተሰቡን ከረጢት ይዘዋል።

ማንም አልመለሰላቸውም። የዘጠና አንድ ዓመት አሮጊት ስትራብ አትብዪ የሚል አፍ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ ይህችንስ ብዪ የሚል አፍም አልነበረም። ሩንግያን እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። ሱዩን አፏን ያዘች። እማማ አታኦ ዝምታውን የለበትም ማለት ነው ብለው ወሰዱት፤ ከረጢቱን ጨርር አድርገው ቀደዱት፤ ይዘውት ወደ ወንበራቸው ተመለሱና መቆርጠም ጀመሩ።

ሁሉም ዓይኑን ወደ ስክሪኑ ወረወረ፤ ሊጠፋ ነው፣ ሊጨስ ነው ብሎ።

ስክሪኑ በርቷል። በግራ በኩል ነጭ ነው። አረንጓዴው በቀኙ ብቻ፣ ትንሿ ከረጢት ያለችበት ጎን ቀርቷል።

 ቲየንሉ ቀስ ብሎ ተነሣ። ትንሿን ከረጢት በሁለት እጁ ያዘ፤ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው አንገቱን ደፋና ከጠረጴዛው አነሣት። የቀኙ ጠርዝ ነጣ። መለሳት፤ አረንጓዴ ሆነ። አነሣት፤ ነጣ። ነጩ ብርሃን ከስክሪኑ ወጥቶ የሚያብረቀርቀው ከረጢት ላይ ያርፋል፤ ከረጢቱ ደግሞ የራሱን ቀለም ቀብቶ ይመልሰዋል። ሲኒዋ መለኪያ መስታወቱ ላይ ስትለጠፍ ያንን ከየት ታየዋለች? ያየው ዓይን ነው።

«አየሁ እኮ» አለ ቲየንሉ። «አለ ብያችኋለሁ። ነበር።»

«ነበር» አለች ሱዩን። ቁልፉን የሽርጥ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «ዓይንህስ እንደ ጭልፊት ነው። የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አልሰርዘውም፤ ወደ ጭንቅላት ሐኪም አዙሩልኝ እላለሁ።»

ሩንግያን አልሳቀም። ቅጹን አውጥቶ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀርቷል። ቅጹ ላይ የጥፋቱ ምንጭ የሚል ቦታ አለ፤ ስክሪን፣ ገመድ፣ ተጠቃሚ ይላል። ቲየንሉ ምን እንዳስጨነቀው ጠየቀው። ሩንግያን መመርመሪያ ማዕከላቸው ውስጥ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ እንዳለ ነገረው፤ በየጠረጴዛው ላይ፣ በግራ በኩል፣ አንድ አንድ አረንጓዴ ከረጢት። በየወሩ መጀመሪያ አዲስ ይደረጋል። አለቃቸው ራሱ ነው የሚያድለው።

«ስንት ስክሪን ነው በግራ በኩል አረንጓዴ አለበት ብላችሁ የጣላችሁት?» አለው ቲየንሉ።

«በዚህ ዓመት ነው ጋሼ?» አለ ሩንግያንና ጫማውን ሊያደርግ ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። ከረጢቶቹ ይነሡ ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ ማሽኖቹ ቢያምፁስ፣ ማን ኃላፊነት ይወስዳል? ባይጽፍስ? የሚጠይቀው ቲየንሉን ነበር፤ የመለሱለት ግን እማማ አታኦ ናቸው፤ ከረጢቱን ግማሽ አድርሰውታል።

«አንተ ልጅ፣ ዓሣ አጥማጆቹ የባሕር እናትን ምስል ጀልባ ላይ ይዘዋት ይወጣሉ፤ አይደል? መሪ የያዘው ሰው ዓይን ፊት አያቆሟትም። ከኋላ ናት። ከኋላ ሆናም ታያለች።»

ሩንግያን ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው። ቅጹ ላይ ምን እንደጻፈ ግን አላሳየም።

ቲየንሉ ትንሿን ከረጢት ከስክሪኑ ጀርባ አቆማት። ነጩን እንደገና አየ፤ ስክሪኑን ግራጫ አድርጎም አየ፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። በዚያው ከሰዓት የእማማ አታኦን ጉንጭ ከጨመረበት ቀይ አጥቦ አዲስ አተመ። እማማ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። አፋቸው ዙሪያ የቺፕስ ፍርፋሪ ነበረ።

«እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። ከባድ ምስጋና ነበር፤ ቲየንሉም እንደዚያው ተቀበለው።

ሊሄዱ ሲሉ ባለ ቀይ ጉንጩን ፎቶም ጠየቁ። ቲየንሉ የተበላሸ ሥራ ከቤቱ እንደማያወጣ፣ አባቱ እንዲያ እንዳስተማሩት ነገራቸው። እማማ አታኦ አልሰሙትም፤ ሁለቱንም ደርበው በብብታቸው ያዙ።

«ይቺኛዋ ከአበባው መሐል ትቆማለች» አሉ። «የተመታችውን ለምራቴ እሰጣታለሁ። ቤቷ ሰቅላ፣ ምን አጠፋሁ እያለች ትኑር።»