ከሰሌዳው ላይ የጠፋው ቁጥር

"አንዲት ቃል ከጨመርኩ፣ ሃያ ዓመት ጨርቅ የቆረጥኩበት ይህ መቀስ ምላሴን ይቁረጠው!"

ለመምህሩ እናት እንዲህ ብዬ ጀመርኩላቸው። ሱቄ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የምርጫው ዕለት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከእኔ ጋር ድምፅ ሲቆጥር ውሎ፣ "ውጤቱን ከሰሌዳ ላይ አጥፍተሃል" ተብሎ ታሰረ። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ እናቱም ምስክር ፍለጋ ያላንኳኩት በር የለም።

"እማማ፣ ገዢው ፓርቲ መቶ አሥራ ሁለት፣ ተቃዋሚው ስድስት መቶ አርባ! ከሩቅ እንዲነበብ አድርጌ በጠመኔ ጻፍኩት። ሬዲዮው ግን ሳጥኑ ሳይከፈት 'ገዢው ፓርቲ አሸነፈ' ብሎ ጨርሷል። ወዲያው አርባ ወታደር በሩን ገንጥሎ ገባ። ኧረ ስልሳ ይሆናል!"

"ስልሳ?"

"ሰባም ቢሆን አይገርመኝም። አለቃቸው መትረየስ ደቅኖ 'ቁጥሩን አጥፋ!' ሲለኝ፣ 'በሬሳዬ ላይ!' አልኩት። መትረየሱን ጣለው። ሁሉንም ግድግዳ ሥር አሰልፌ ስገሥጻቸው፣ አንዱ ፈሪ ከኋላዬ ሾልኮ አጠፋው።"

የእናቲቱ ፊት በራ። "ተባረክ የኔ ልጅ! ይህንኑ ነገ ለዳኛው ትነግርልኛለህ?"

"እኔማ ደስ ባለኝ! ግን የሚሊሻው የደንብ ልብስ ትእዛዝ አለብኝ። ሦስት መቶ ሱሪ! በከተማው ውስጥ ከእኔ በቀር ማን ያደርሰዋል?"

ባለቤቴ ጥግ ላይ ሆና የሱሪ ቁልፍ ትተክላለች። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ያን ቀን ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"ወታደር አልመጣም፣ እማማ" አለች ቀስ ብላ። "የመጣው አንድ የፓርቲ ሰው ነው። ከዣንጥላ በቀር የያዘው የለም። 'ይሄ ቁጥር ደስ አይልም' አለ፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ዳስተሩን ያነሣው ይሄ ባሌ ነው። ልጅዎ ክንዱን ይዞ ለመነው። በማግስቱ ባሌ ሲጠየቅ 'መምህሩ ነው ያጠፋው' ብሎ ፈረመ። የሱሪው ትእዛዝ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው።"

"አንቺ ሴት፣ አበድሽ? እንጀራችንን..."

አልሰማችኝም። ወደ እናቲቱ ዞረች።

"ፍርድ ቤቱ በስንት ሰዓት ነው?"

"በሦስት ሰዓት።"

መርፌዋን ሱሪው ላይ ሰክታ ተነሣች፤ ከማሽኑ ሥር አንድ ፌስታል ጎትታ አወጣች። ያን ቀን የለበስኩት የእኔ ኮት ነው። የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ነጭ ጠመኔ ለብሷል።

"እንዳጥብለት ሰጥቶኝ ነበር" አለች። "አላጠብኩትም።"